አዲስ መኪና ከመረከብዎ በፊት እንዴት እንደሚፈትሹ

አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ዓይነቱን፣ ዋጋውንና ቀለሙን ለመምረጥ ለሳምንታት ይመክራል፣ ያወዳድራል፣ ይከራከራል፤ «መኪናው ደርሷል፣ መጥተው ይረከቡ» ተብሎ በተጠራበት ቀን ግን ደስታው ጥንቃቄውን ያሸንፈውና የርክክብ ሰነዱን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፈርሞ ይወጣል። ከዚህ ችኮላ በስተጀርባ ያለው «አዲስ ነገር ምን ጉድለት ይኖረዋል?» የሚለው እምነት ነው። ነገር ግን መኪናው ከፋብሪካው በር እስከ ሻጩ ግቢ ድረስ በመርከብ፣ በባቡር ወይም በመኪና ጫኝ ተጎታች ተጉዟል፤ በየመጫኛውና በየማራገፊያው ልዩ ልዩ ሰዎች ነድተውታል፤ በቀበቶና በሰንሰለት ታስሯል፤ አንዳንዴም ለወራት ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት ሜዳ ላይ ቆሟል። በዚህ ሁሉ መካከል የተጫረ፣ የተላጠ ወይም የተጋጨ መኪና መኖሩ ሊያስገርም አይገባም፤ የተጎዳውን አካል በጥድፊያ ጠግኖና ቀብቶ «አዲስ» ብሎ ማስረከብም ያልታየ ነገር አይደለም።

ፍተሻውን እጅግ አስፈላጊ የሚያደርገው ፊርማው ነው። ከመፈረምዎ በፊት የታየ ጭረት የሻጩ ጉዳይ ነው፤ ከፈረሙ በኋላ የታየ ጭረት ግን ከእርስዎ እጅ ላለመውጣቱ ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙ ወደ እርስዎ ይዞራል። የሞተርና የማርሽ ብልሽት በዋስትናው ዘመን ቢከሰት ይጠገንልዎታል፤ የቀለም፣ የመስታወት፣ የቸርኬና የወንበር ጉዳት ግን ከግቢው ከወጡ በኋላ የዋስትና ጥያቄ ሆኖ ተቀባይነት የሚያገኘው እምብዛም ነው። እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት አንድ መኪና ምሽት ላይ ተረክቤ በማግስቱ ጠዋት የኋለኛው በር የታችኛው ክፍል እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሸካከረ ቀለም እንዳለው ባየሁ ጊዜ ነበር። ሻጩ ድርጅት የመለሰልኝ «ያለ ምንም ጉድለት ተረክቤአለሁ» የሚለውን የራሴን ፊርማ ነው። ከዚያ ወዲህ ለዘመድም ለወዳጅም መኪና ሊረከብ ሲሄድ አብሬ እሄዳለሁ፤ ከዚህ በታች የማሰፍረውም በዚያ ቀን የምከተለውን ቅደም ተከተል ነው።

ቀኑን፣ ሰዓቱንና መሣሪያውን ማዘጋጀት

የሚቻል ከሆነ መኪናውን ሁለት ጊዜ ይዩት። የመጀመሪያው፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎና መኪናው በስምዎ ከመመዝገቡ በፊት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በስምዎ የተመዘገበ መኪና በሕግም በገበያም ዓይን አዲስነቱን ማጣት ስለሚጀምር፣ ከባድ ጉድለት ቢገኝ «ሌላ ይሰጠኝ» የማለት ዕድልዎ በጣም ይጠባል። ሁለተኛው የርክክቡ ዕለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የማየት ዕድል ካለዎት ግን ቢያንስ ቀሪ ክፍያ በእጅዎ እያለ ይሁን።

ሰዓቱ ቀን መሆን አለበት፤ ምሽትም፣ የጋራዥ አምፖልም፣ ዝናብም አይሆንም። የረጠበ ቀለም ጭረትን ይሸፍናል፤ አቧራም እንደዚሁ። ስለዚህ መኪናው በእጅ ታጥቦና ደርቆ እንዲጠብቅዎ፣ ነገር ግን በሰምም ሆነ በማንጸባረቂያ እንዳይወለወል አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። አንዳንድ ማንጸባረቂያ ጥቃቅን ጭረቶችን ሞልቶ ለሁለትና ለሦስት እጥበት ያህል ስለሚሰውር፣ «አሳምረን እናስረክብዎታለን» የሚለውን መልካም ሐሳብ በትሕትና ማለፍ ይሻላል። ከፋብሪካ የመጣው መከላከያ ላስቲክ በኮፈኑ ወይም በጣራው ላይ ተለጥፎ ካለ ከመፈተሽዎ በፊት እንዲነሣ ያድርጉ፤ ከሥሩ ያለው ቀለም የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

የእጅ ባትሪ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ የኤሌክትሪክ ቮልት መለኪያ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ስልክዎንና ገመዱን፣ ማስታወሻ ደብተርም ይያዙ። ከሁሉም በላይ ግን የሚያስፈልግዎ መኪናውን የማይገዛ አንድ ሰው ነው። ገዢው የሚያየው ደስታውን ነው፤ አብሮት የሄደው ግን ቀለሙን ያያል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይመድቡና «ቸኩያለሁ» የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ።

የሻንሲ ቁጥሩና ወረቀቱ

ዛሬ በሚመረቱ መኪኖች ላይ የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ የያዘ ነው፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ብዙውን ጊዜ በፊት መስታወቱ ታችኛ ጥግ ከውጭ ይነበባል፤ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀትና በአካሉ ላይ በተቀረጸው ቁጥርም ይገኛል። ሦስቱን እርስ በርሳቸው፣ ከዚያም ከደረሰኙ፣ ከዋስትና ደብተሩና ከጉምሩክ ወይም ከምዝገባ ሰነዱ ጋር አኃዝ በአኃዝ ያመሳክሩ። አንዲት ፊደል ብትለያይ እንኳ «የጽሕፈት ስሕተት ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሰነዱ ሳይታረም አይቀጥሉ። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ ያስተያዩ።

በዚሁ ቁጥር ሁለት ነገር ማጣራት ይቻላል። አንደኛው የምርት ዘመኑ ነው፤ የተሠራበት ወርና ዓመት በበሩ ምሰሶ ላይ ተጽፎ ከተገኘ፣ መኪናው ለምን ያህል ጊዜ ቆሞ እንደነበር ይነግርዎታል። ሁለተኛው አምራቹ ለጥገና የጠራው መኪና መሆን አለመሆኑ ነው፤ ብዙ አምራቾች በድረ ገጻቸው ላይ የሻንሲ ቁጥር በማስገባት ይህን ማወቅ የሚቻልበት አገልግሎት አላቸው። የጥሪ ጥገና ካለበት ከርክክቡ በፊት ይሠራ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው በአዲስ መኪና ላይ ከጥቂት እስከ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር ቢያሳይ የተለመደ ነው፤ ከመርከብ ለማውረድና በግቢ ውስጥ ለማንቀሳቀስ ይነዳልና። መቶዎችን ያለፈ ከሆነ ግን መኪናው ለሙከራ መንጃ ወይም ለማሳያ ያገለገለ ሊሆን ስለሚችል፣ ምክንያቱን ጠይቀው በዋጋው ላይ መነጋገር መብትዎ ነው።

የውጭ አካልና ቀለም

ከጠቅላላው ጊዜ ግማሹን ለዚህ ይስጡ። በመጀመሪያ ከመኪናው አምስት ሜትር ያህል ርቀው አንድ ጊዜ ይዙሩት። ከሩቅ የሚታየው የቀለም ልዩነትና የአካል መጣመም ነው፤ አንድ በር ከጎረቤቱ ጠቆር ወይም ቀላ ብሎ ይታይ እንደሆነ፣ የፊት መከላከያው (ፓራውልቱ) በአንድ ወገን ወርዶ እንደሆነ ልብ ይበሉ። መከላከያው ከፕላስቲክ ስለሚሠራና በተለየ መንገድ ስለሚቀባ፣ በተለይ በሚያብለጨልጭ ቀለም ላይ ከላሜራው በጥቂቱ ቢለይ ጉድለት አይባልም፤ ሁለት በላሜራ የተሠሩ ጎን ለጎን ያሉ አካላት ከተለያዩ ግን አንደኛው እንደገና ተቀብቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ይጠጉና እያንዳንዱን አካል ከጎን፣ ዓይንዎን ወደ ብረቱ ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። በቀጥታ ሲታይ የማይገኝ የተሰረጎደ ቦታ፣ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ይገለጣል፤ የሕንፃ ጠርዝ ወይም የዛፍ ጥላ በቀለሙ ላይ ሲያርፍ መስመሩ የሚወዛወዝበት ቦታ ካለ ብረቱ ተጎድቷል ወይም ተስተካክሏል። ጣራውን አይዝለሉ። ብዙ ሰው ጣራ አያይም፤ በረዶ የመታው ወይም ከላይ ዕቃ የወደቀበት መኪና ግን ምልክቱ የሚቀረው እዚያው ነው። የበሮቹን ጠርዝ፣ የኋላ ክዳኑን የታችኛ ከንፈር፣ የነዳጅ መሙያ ክዳኑን ውስጥ፣ የፊት መከላከያውን ሆድም ተንበርክከው ያብሩበት፤ መከላከያው ተጎታች ላይ ሲወጣና ሲወርድ በመወጣጫው ብረት የሚላጠው በዚያ በኩል ነው።

ጭረት ሲያገኙ ጥፍርዎን በቀስታ በላዩ ያሳልፉ። ጥፍር የማይይዘው ጭረት የላይኛውን አንጸባራቂ ሽፋን ብቻ ስለነካ በጥሩ ባለሙያ ሊለሰልስ ይችላል። ጥፍር የሚይዘው ግን ጥልቅ ነው፤ ያ ሽፋን ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ጥልቁን ጭረት ለማጥፋት ብዙ መፈግፈግ ቀለሙን ለፀሐይ የተጋለጠ አድርጎ ይተወዋል። ስለዚህ «አሁኑኑ እናጠፋዋለን» ብለው ፈጥነው ማሽን ይዘው ቢመጡ አይፍቀዱ፤ በመጀመሪያ ይመዝገብ፣ በምን ዓይነት ዘዴ እንደሚጠገን ይነገርዎ።

የቀለም ውፍረት መለኪያ መዋስ ከቻሉ እጅግ ይጠቅማል። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ80 እስከ 180 ማይክሮን ውስጥ ያርፋል፤ ነገር ግን ከቁጥሩ ይበልጥ የሚነግርዎ መመሳሰሉ ነው። አምስቱ አካላት 110 እና 120 እያሳዩ አንዱ 260 ካሳየ፣ በዚያ አካል ላይ ሌላ ቀለም ተደርቧል፤ በመቶዎች የሚበልጥ ከሆነ ከሥሩ ስቱኮ ሊኖር ይችላል። መለኪያው በፕላስቲክ ላይ አይሠራም፤ ለአሉሚኒየም የሚያገለግል መሆኑንም አስቀድመው ይጠይቁ። መለኪያ ከሌለዎት የበሮችን የጎማ ዙሪያና የመስታወት ጠርዞችን በጣትዎ ይዳስሱ፤ በጎማው ላይ የቀለም ብናኝ፣ ወይም ወረቀት ተለጥፎ የነበረበት ስለታም የቀለም መስመር ካገኙ እዚያ ቀቢ ነክቶታል። የኮፈኑን፣ የበሮቹንና የፓራፋንጎውን ቡሎኖች ራስ ደግሞ ይመልከቱ፤ ቀለሙ ተሰንጥቆ ወይም ተልጦ የቁልፍ ምልክት ከታየበት፣ ያ አካል ተፈትቶ ነበር።

በበሮችና በኮፈኑ ዙሪያ ያለው ክፍተት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት። እያንዳንዱን በር ሳይገፉ በራሱ ክብደት ይዝጉት፤ ሌሎቹ ዝም ብለው እየተዘጉ አንዱ ብቻ ጉልበት የሚፈልግ ከሆነ ያስመዝግቡ። በየመስታወቱ ጥግ የአምራቹ ምልክት አለ፤ የጎን መስታወቶች ሁሉ የአንድ አምራች ሆነው አንዱ ብቻ የሌላ ከሆነ ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁ። የፊት መስታወቱን ደግሞ ከውስጥ ሆነው ወደ ብርሃን እያዩ የጠጠር ምት ይፈልጉበት፤ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ምት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁባት ሙሉ ስንጥቅ ትሆናለች።

ጎማና ቸርኬ

በጎማው ጎን ዲ.ኦ.ቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ከሚመጣው ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2324 ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር የ2024 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ሙሉው ኮድ በአንድ ወገን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ከውጭ ካጡት ከውስጥ በኩል ይፈልጉት። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነትና የተቀራረበ ዕድሜ ያላቸው፣ ከመኪናውም የምርት ጊዜ ጋር የሚስማሙ መሆን አለባቸው። ንፋሱ የሚለካው መኪናው ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተጽፏል እንጂ በጎማው ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ልክ አይደለም። አዲስ መኪኖች ለረጅም ጊዜ ሲቆሙ ጎማቸው እንዳይጠፈጠፍ ከልክ በላይ ተነፍተው ስለሚጓጓዙ፣ ንፋሱ አሁንም ከልኩ በጣም በልጦ ካገኙት ሻጩ ማድረግ የነበረበትን የቅድመ ርክክብ ምርመራ አለማድረጉን ይጠርጥሩ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ይህ ነው።

ቸርኬዎቹን በዙሪያቸው ይዳስሱ፣ ተጠባባቂ ጎማውን (ስኮርታውን)፣ ክሪኩን፣ የጎማ መፍቻውንና የመጎተቻ መንጠቆውን አውጥተው ይዩ። በፍሬን ዲስኩ ላይ ያለ ስስ ቢጫ ዝገት ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ ነው፤ የተቦረቦረና የተደራረበ ዝገት ግን የረጅም ጊዜ መቆምን ያመለክታል።

ኮፈኑ ሲከፈት

ይህ ሁሉ የሚታየው ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ስለሆነ፣ ከመድረስዎ በፊት እንዳያስነሡት አስቀድመው ይንገሩ፤ ሲደርሱም ኮፈኑን በመዳፍዎ ይንኩት። ከሞቀ አስቀድሞ ተነሥቷል ማለት ነውና የቀዝቃዛ አነሣስ ድምፁን አይሰሙም። የዘይቱን ልክ በማሳያው ዘንግ፣ የማቀዝቀዣውን ውኃና የፍሬን ፈሳሹን በ«ሚን» እና በ«ማክስ» መስመሮች መካከል መሆናቸውን ይመልከቱ። የእጅ ባትሪዎን ወደ ታች አብርተው የዘይት ንጠባ፣ ያልተያዘ ገመድ፣ የተላላጠ የሽቦ ሽፋን ይፈልጉ፤ አይጥ ለወራት ከቆመ መኪና ሽቦ ጋር ጥሩ ባልንጀራ አይደለችምና የተበላ ነገር ካዩ ያስመዝግቡ።

ባትሪው በቆመ መኪና ላይ ቶሎ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ነው። ሞተሩ ሳይነሣ በቮልት መለኪያ ሲለካ ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ከሆነ ኃይል ይጎድለዋል፣ ወደ 12 ከወረደ ግን በተደጋጋሚ ተሟጦ የነበረ ሊሆን ስለሚችል ሞልቶ ማስረከብ ሳይሆን መቀየር እንዲደረግ ይጠይቁ። ሞተሩ ሲነሣ ንባቡ በአብዛኛው ከ13.7 እስከ 14.7 ቮልት ይሆናል።

ጋቢናው

በሩን እንደከፈቱ ያሽትቱ። የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ የታወቀ ነው፤ የሻገተ ወይም የጭቃ ሽታ ግን ውኃ መግባቱን ይጠቁማል። የምንጣፉን ጠርዝ ያንሡና እጅዎን ከሥሩ ያስገቡ፣ የደኅንነት ቀበቶዎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻው ስበው ጨርቃቸው ላይ የጭቃ መስመር ወይም እድፍ ይፈልጉ፤ ጎርፍ የገባበትን መኪና ማንም ቢያጥበው የቀበቶውን መጨረሻ ማጠብ ይረሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ነው፤ የሚጫን ነገር ሁሉ ይጫን። የመስታወት ማውረጃዎች፣ ስፖኪዮዎች፣ የወንበር እንቅስቃሴ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ክላክስ፣ ረጅምና አጭር መብራት፣ ፍሬቻ፣ የኋላ ማርሽ መብራትና ካሜራ፣ ሬዲዮ፣ ስልክ ማገናኛ፣ የልጆች መቆለፊያ። ፍሬን መብራቱን አብሮዎት የመጣው ሰው ከኋላ ሆኖ ይይልዎ። ሁለቱንም ቁልፎች እየቀያየሩ ይሞክሩ፤ ሁለተኛው ቁልፍ «በኋላ ይመጣል» ከተባለ ያልተሟላ ርክክብ ነው። ማቀዝቀዣውን ለጥቂት ደቂቃ አብርተው ቀዝቃዛ አየር፣ ማሞቂያውንም እንዲሁ ሙቅ አየር መስጠቱን ያረጋግጡ።

ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሣ በፊት፣ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ በርተው ከተነሣ በኋላ በቅደም ተከተል ይጠፋሉ። ሳይጠፋ የቀረ መብራት ጉድለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ጭራሹን ሳይበራ የቀረ መብራትም ጉድለት ነው፤ በተለይ የአየር ከረጢቱ መብራት በርቶ መጥፋቱን ራስዎ ይዩ።

ማስነሣትና መንዳት

ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ባለ ዙር ሠርቶ፣ እየሞቀ ሲሄድ በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ዙር ገደማ ላይ ይረጋል። የሚንቋቋ፣ የሚያፏጭ ወይም የሚንተከተክ ድምፅ ቢኖር ወዲያውኑ በስልክዎ ይቅረጹት። ጢሱ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚቀጥል መሆን የለበትም፤ በቀዝቃዛ ቀን ከማርሚታው የሚወጣው ቀጭን ነጭ እንፋሎት ግን ውኃ ነው።

አጭር ጉዞም ቢሆን ይንዱ። በቀጥተኛ መንገድ ላይ መሪው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ መሪውን በቀላሉ ይዘው መኪናው ወደ አንድ ወገን እንደማይስብ፣ ፍሬን ሲያዝም እንደማይጎትት ይመልከቱ። ሁሉንም ማርሾች፣ የኋላውንም ጭምር ያስገቡ። በዳገት ላይ የእጅ ፍሬኑን ይፈትኑ። ሲመለሱ መኪናውን አቁመው ከሥሩ አዲስ የነጠበ ነገር ይፈልጉ፤ ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውኃ ግን የተለመደ ነው።

መኪናው የኤሌክትሪክ ከሆነ ሻጩ ፊት ባትሪ መሙያው ላይ ይሰኩት፤ ዘገምተኛውም ፈጣኑም መሰኪያ መሥራቱን፣ መሙያ ገመዱ መኖሩንና ጉዞ ሊሄድ የሚችልበት ርቀት መታየቱን ያረጋግጡ። ከእነዚህ መኪኖችም አብዛኞቹ አንዲት ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስላላቸው ከላይ ያለው ልኬት በአብዛኛው ለእነሱም ይሠራል። ብዙ አምራቾች ለዋናው ባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ስለሚሰጡ፣ ይህ በዋስትና ደብተሩ ላይ በግልጽ መጻፉን ይዩ።

ከፊርማው በፊት

ያገኙትን ሁሉ ፎቶ አንሥተው፣ አንድ በአንድ በርክክቡ ሰነድ ላይ በሁለቱም ቅጂ ያስጽፉ፤ ጉድለቱ የት እንደሆነ፣ በምን እንደሚጠገን፣ እስከ መቼ እንደሚያልቅ፣ ወጪው የማን እንደሆነም ይስፈር፣ የሻጩ ተወካይም ፈርሞ ማኅተም ያድርግበት። «ለመጀመሪያው ሰርቪስ ሲመጡ እናስተካክላለን» የሚለው የቃል ተስፋ ቃሉን የሰጠው ሰው ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። ትንንሽ ጉድለት በጽሑፍ ተይዞ መኪናውን መውሰድ ይቻላል፤ ዳግም የተቀባ አካል፣ ውኃ የገባበት ጋቢና፣ የማይጠፋ የማስጠንቀቂያ መብራት ወይም የማይገጥም ሻንሲ ቁጥር ሲገኝ ግን መኪናውን እዚያው ትተው፣ አለመረከብዎንና ምክንያቱን በጽሑፍ ሰጥተው ይውጡ። ከግቢው ያልወጣ መኪና ነው ሻጩን የሚያፈጥነው።

የዋስትናው መነሻ ቀን ከዛሬው ቀን ጋር እንዲገጥም፣ በሰነዱም ላይ የቆጣሪው ኪሎ ሜትር እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ከዚያ ይፈርሙና ቅጂዎን ይዘው ይሂዱ። ያን ሌሊት መኪናውን በንጹሕ ወለል ወይም በተዘረጋ ካርቶን ላይ ያሳድሩት። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ከሥሩ የነጠበ ነገር መኖር አለመኖሩንና ንፋሱ የቀነሰ ጎማ አለመኖሩን አይተው፣ ያገኙት ነገር ካለ በዚያው ዕለት ከፎቶው ጋር ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ።